ድምፅ ወንበር የሚሆንበት መንገድ፦ ስለ ምርጫ ሥርዓቶችና ስለ እንደራሴዎች ምክር ቤት የቀረበ ዳሰሳ

ከአቀስታ ከተማ ወጣ ብሎ በለጋምቦ ደጋ የሚኖር አንድ ገበሬ፣ በምርጫ ዕለት ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ጋቢውን ከተከናነበ፣ ወደ ምርጫ ጣቢያውም ወርዶ ስሙ ከመዝገብ ከታየለትና ጣቱ የማይለቅ ቀለም ከተቀባ፣ ከመጋረጃውም ጀርባ ገብቶ በወረቀቱ ላይ ከተደረደሩት ምልክቶች በመረጠው አንጻር የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራውን አኑሮ ወረቀቱን አጥፎ በኮሮጆው ከጨመረ በኋላ፣ ያ ድምፅ በአራት ኪሎው ምክር ቤት ወንበር ሆኖ መገኘቱን ወይም ተቈጥሮ ሳለ ሳይወከል መቅረቱን የሚወስነው የገበሬው ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ድምፅን ወደ ወንበር የሚለውጠው ቀመርም በዚያው ልክ ይወስናል። የሁለት አገሮች ሕዝብ ፍጹም አንድ ዐይነት ድምፅ ቢሰጥ እንኳ፣ ቀመራቸው ከተለያየ፣ በአንደኛው አንድ ፓርቲ ብቻውን የሚገዛበት፣ በሌላው ግን አራትና አምስት ፓርቲዎች ካልተስማሙ በቀር መንግሥት የማይቆምበት ምክር ቤት ሊወጣ ይችላል።

ስለ ምርጫ በአገራችን ሲነገር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይቀርባሉ። የመምረጥና የመመረጥ መብት ለማን ተፈቀደ የሚለው አንድ ነው፤ ምርጫው በነጻነትና በርትዕ ተካሄደ ወይ የሚለው ሌላ ነው፤ ድምፁ በምን ስሌት ወደ ወንበር ተመነዘረ የሚለው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ክርክራችንን ሲያጨልመው የኖረው፣ የሁለተኛውን ደዌ በሦስተኛው መድኃኒት ለመፈወስ መሞከር፣ አለዚያም የሦስተኛውን ጉድለት ሁሉ የሁለተኛው ብቻ አድርጎ መቍጠር ነው።

ጥንተ ነገሩ

ሰውን ለሹመት በመለየት ረገድ የድምፅ ቈጠራ ከሁሉ የቀደመ መንገድ አይደለም። በግብረ ሐዋርያት እንደ ተጻፈው፣ በይሁዳ ፈንታ ማትያስ ከዐሥራ አንዱ ጋር የተቈጠረው ሁለት ሰዎች ከቀረቡ በኋላ በዕጣ ነበር። በወሎም አባጋሮች የተቃቃሩ ወገኖችን ሲያስታርቁ ነገሩን የሚቋጩት ብዙዎቹ ጥቂቶቹን በቍጥር ስለ በለጡ ሳይሆን ሁሉም ወገን እሺ እስኪል ድረስ ተቀምጠው በመምከር ነው። እንግዲህ ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻውን ያሸንፍ የሚለው ደንብ ከሰው ልጅ ጋር የተወለደ ሕግ ሳይሆን፣ በእንግሊዝ አገር አውራጃዎችና ከተሞች እንደራሴ ወደ ንጉሡ ጉባኤ ሲልኩ ከነበረበት ልማድ እያደገ የመጣና በኋላም በቅኝ ግዛት መንገድ የተሰራጨ ነው።

ደንቡ በምሁራን ዘንድ መጠየቅ የጀመረው በ18ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ ነው። ቦርዳና ኮንዶርሴ፣ ዕጩዎች ሦስትና ከዚያ በላይ በሆኑ ጊዜ፣ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ሰው ከመራጮቹ የሚበዙቱ ከሌሎቹ ሁሉ አሳንሰው የሚያዩት ሊሆን እንደሚችል በስሌት አሳዩ። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሄር መራጩ ዕጩዎችን በየተራቸው የሚያሰልፍበትን ዘዴ አወጣ፤ ጆን ስቱዋርት ሚልም እ.ኤ.አ. በ1861 ስለ እንደራሴ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ዘዴውን አጥብቆ ደገፈ። ቤልጅጋዊው የሕግ ሊቅ ቪክቶር ዶንት የቀመረው የማካፈያ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1899 በገዛ አገሩ ሕግ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ አብዛኛው የአውሮፓ አህጉር ወደ ተመጣጣኝ ውክልና ሲሻገር፣ ብሪታንያና ብዙዎቹ የቀድሞ ግዛቶቿ በቀደመው ጸኑ። ፈረንሳዊው ሞሪስ ዱቨርዤ እ.ኤ.አ. በ1951 እንደ ጻፈው፣ በአንድ ዙር የሚወሰን የአብላጫ ድምፅ ወደ ሁለት ፓርቲ፣ ተመጣጣኝ ውክልና ደግሞ ወደ ብዙ ፓርቲ ያዘነብላል። ይሁን እንጂ ሁለት ፓርቲ የሚሆነው በየምርጫ ክልሉ እንጂ በአገሩ ሁሉ ላይሆን ይችላልና፣ በየቦታው ሁለት ሁለት፣ ግን በየቦታው የተለያዩ ሁለት ፓርቲዎች የሚፎካከሩባት ኢትዮጵያን የመሰለች አገር ለዚህ አባባል ዋና ፈተና ናት።

የስሌቱ ጠባይ

ነገሩን በአሐዝ ለማየት፣ 10,000 ሰዎች ድምፅ የሰጡበትን አንድ የምርጫ ክልል በሐሳብ እናቁም፤ ከአራት ዕጩዎች አንደኛው 3,200፣ ሁለተኛው 2,900፣ ሦስተኛው 2,100፣ አራተኛው 1,800 ድምፅ አገኙ እንበል። በእኛ አገር ሥርዓት 3,200 ያገኘው ይመረጣል፤ ሌላ ሰው የመረጡት 6,800ዎቹ ወንበር የላቸውም። እንደ ፈረንሳይ ከግማሽ በላይ ያላገኘ አይመረጥም፣ ወደ ሁለተኛው ዙርም የሚያልፉት ሁለቱ መሪዎች ብቻ ናቸው ቢባል ግን፣ ፍርዱ የሦስተኛውና የአራተኛው ደጋፊዎች በሆኑት 3,900 ሰዎች እጅ ይወድቃልና ሁለተኛ የነበረው አንደኛ ሊሆን ይችላል። ደግሞም እንዲህ ያሉ አምስት ጎረቤት ክልሎች ተዋሕደው አምስት እንደራሴ በአንድነት ይምረጡ፣ የድምፁም መጠን በሁሉም ይኸው ይሁን ብንል፣ በዶንት ስሌት የየፓርቲው ድምፅ ለአንድ፣ ለሁለት፣ ለሦስት እየተካፈለ ትልልቆቹ አምስት ውጤቶች ይለያሉ፤ እነዚህም በአንዱ ክልል መጠን ሲነገሩ 3,200፣ 2,900፣ 2,100፣ 1,800 እና የአንደኛው ግማሽ የሆነው 1,600 ናቸው። ስለዚህ አንደኛው ፓርቲ ሁለት ወንበር፣ ሦስቱ አንዳንድ ወንበር ያገኛሉ። በፊተኛው ሥርዓት ግን አንደኛው ፓርቲ አምስቱንም ይወስድ ነበር። መራጩ አልተለወጠም፤ ድምፁም አልተለወጠም።

ቅይጥ የሚባለው ሥርዓት በሁለት ይከፈላል፤ ልዩነቱም ከስሙ ይልቅ ይከብዳል። ከመቶ ወንበር 80ው በምርጫ ክልል፣ 20ው በፓርቲ ዝርዝር ይሞላ፤ 45 ከመቶ ድምፅ ያለው ፓርቲም ከ80ው 70ውን አሸንፏል እንበል። ቅይጡ ትይዩ ከሆነ፣ ከ20ው ወንበር 45 ከመቶው ማለት ዘጠኝ ይጨመርለትና 79 ይሆናል። ማካካሻ ከሆነ ግን፣ ከሚገባው 45 ወንበር አስቀድሞ አልፏልና ምንም አይጨመርለትም፤ 20ውም ድምፅ ኖሯቸው ወንበር ላጡት ይከፋፈላል። እንግዲህ ቅይጥ ሥርዓት ተስማምተናል የሚል ወገን የትኛውን ቅይጥ እንደሆነ ካልተናገረ ገና ምንም አልተናገረም።

በዚህ ላይ የወረቀቱ ነገር አለ። ዕጩዎችን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በተራ የማሰለፍ ዘዴ በአየርላንድና በአውስትራሊያ ለረዥም ዘመን የሠራ ነው፤ ነገር ግን መራጩ አሐዝ እንዲጽፍ ይጠይቃል። ፊደል ያልቈጠሩ አረጋውያን በሚበዙባቸው እንደ ለጋምቦ፣ እንደ ሳይንትና እንደ ቦረና ባሉ ወረዳዎች፣ ንብን ከአምፖል፣ አምፖልን ከሚዛን ለይቶ አንድ ምልክት ማኖር ለሁሉ የቀለለ ነው። በፓርቲ ዝርዝር የሚደረግ ተመጣጣኝ ምርጫ ስሌቱ ከባድ ቢሆንም ለመራጩ አንድ ምልክት ብቻ ይበቃዋልና፣ ተመጣጣኝ ውክልና ላልተማረ ሕዝብ አይሆንም የሚለው የቈየ አባባል በዚህ በኩል መሠረት የለውም።

ከ1923 እስከ 1987 ዓ.ም.

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን ሲያቆም፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያው አባላት በመኳንንቱና በአጥቢያ ሹማምንት እንዲመረጡ አዘዘ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አዋቂ ለሆነ ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጠ፤ አገሩንም እያንዳንዱ 200,000 ያህል ሕዝብ በሚይዝ የምርጫ ክልል ከፍሎ ከእያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ እንዲመረጥ፣ ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞችም የራሳቸው እንደራሴ እንዲኖራቸው ወሰነ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው የገቡት በዚህ ሥርዓት ነው። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ዕጩው በክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን ይጠየቅ ስለነበረም ውድድሩ ባለርስት ከባለርስት የሚያደርገው ነበር። እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ አምስት ጊዜ ምርጫ ተደርጓል። ከዚህ ዘመን የምንማረው ቀመሩን አይደለም፤ ተወዳዳሪውን የሚያጠብበው ደንብ ከቀመሩ አስቀድሞ ውጤቱን ሊወስን እንደሚችል ነው።

በደርግ ዘመን በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ሲመረጡ መራጩ በአንድ ወንበር ከአንድ በላይ ዕጩ ይቀርብለት ነበር፤ ዕጩ የማቅረቡ ሥልጣን ግን በአንድ ፓርቲና በእርሱ ጥላ ሥር ባሉ ድርጅቶች እጅ ነበርና ነገሩን ማራዘም አያሻም። በ1983 ዓ.ም. የቆመው ባለ 87 ወንበር የሽግግር ምክር ቤት በምርጫ ሳይሆን የተለያዩ ንቅናቄዎች በመደራደር የተከፋፈሉት ነበር። በ1986 ዓ.ም. ለሕገ መንግሥት ጉባኤ ከተመረጡት 547 አባላት 484ቱ የኢሕአዴግ ነበሩ። ዛሬ የምንኖርበትን ቀመር ያጸደቀው፣ እንግዲህ፣ በዚያው ቀመር የተሰበሰበና አንድ ድርጅት እጅግ የበረታበት ጉባኤ ነው።

የአንቀጽ 54 ዘመን

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ ከሚወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንዲመረጡ፣ ቍጥራቸውም ከ550 እንዳይበልጥና ከእነዚህ ቢያንስ 20ው አነስተኛ ቍጥር ላላቸው ብሔረሰቦች እንዲሆኑ ደነገገ። ከ547ቱ ወንበሮች የአማራ ክልል 138፣ ኦሮሚያ 178፣ አዲስ አበባ 23 ሲይዙ፣ ጋምቤላ 3፣ ሐረሪ ደግሞ 2 ብቻ ደረሷቸው።

የቀመሩ ባሕርይ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በመዲናዪቱ ነው። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች ሁሉ፣ ከከተማው ምክር ቤትም 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ለኢሕአዴግ ድምፅ የሰጡ የከተማዪቱ ነዋሪዎች ጥቂት ሺህ አልነበሩም፤ ነገር ግን በአራት ኪሎ ስለ ከተማቸው የሚናገርላቸው አንድ እንኳ አላገኙም። በ2002 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ሚዛኑ ተገልብጦ፣ ከ23ቱ ለተቃዋሚው መድረክ የደረሰው አንድ ወንበር ብቻ ሆነ። ያው ሥርዓት ዛሬ ገዥውን ነገ ተቃዋሚውን ያለ ርኅራኄ ጠርጎ ያወጣል፤ በመካከሉ የሚጠፋው የአናሳው ድምፅ ነው። በአገር ደረጃ ግን ታሪኩ ወደ አንድ ወገን ብቻ አጋደለ፦ በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበሮች 545ቱ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉም በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ።

ይህን ያደረገው ቀመሩ ነውን? ቀመሩ እንዲህ ያለ ውጤት ማውጣት እንደሚችል ከአፍሪካ ማስረጃ አለን። በሞሪሸስ እ.ኤ.አ. በ1982ም በ1995ም አሸናፊው ወገን በዋናዪቱ ደሴት ያሉትን 60 ወንበሮች ሁሉ ወስዷል፤ በሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ከመቶ 60 ያህል ድምፅ ያገኘው ፓርቲ ከ80 ወንበሮች 79ኙን ይዟል። ሆኖም በእነዚያ አገሮች የተሸናፊው ሕዝብ ድምፅ ተቈጥሮ ይታያል። በእኛ ዘንድ ግን ከ1997 በኋላ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጽሕፈት ቤትና አባል፣ የግሉ ጋዜጣና የሲቪክ ማኅበሩ በደረሰባቸው መጥበብ ምክንያት፣ በተለይም በ2001 ዓ.ም. ከወጡት የበጎ አድራጎት ማኅበራትና የፀረ ሽብር አዋጆች ወዲህ፣ ወደ ኮሮጆው የገባው ድምፅ ራሱ የሕዝቡን ልብ ምን ያህል እንደሚናገር አከራካሪ ነው። ስለዚህ የ2007ን 547 ወንበር ለቀመሩ ብቻ መስጠት አይገባም፤ ቀመሩንም ከበደል ነጻ ማውጣት እንዲሁ።

የ2013 ዓ.ም. ምርጫ ሌላ ነገር ያስተምራል። በሰኔው ዙር ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ገዥው ብልጽግና ሲይዝ፣ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ 5፣ ኢዜማ 4፣ በአንድ ዞን የተወሰነው የጌዴኦ ፓርቲ ደግሞ 2 ወንበር አገኙ። ኢዜማ በአገሩ ሁሉ ዕጩ ያሰለፈ ፓርቲ ነው፤ የጌዴኦው በአንድ አካባቢ የተከማቸ ነው። አሁን ያለው ሥርዓት የሚቀጣው እንግዲህ ትንሹን ፓርቲ ሳይሆን የተበተነውን ነው። ድጋፉ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የተሰበሰበ ወገን በጥቂት ድምፅ ወንበር ያገኛል፤ ከመተማ እስከ ሞያሌ ትንሽ ትንሽ ደጋፊ ያለው ወገን በብዙ ድምፅ ባዶ እጁን ይቀራል። የብሔር አደረጃጀትን የሚወቅሱ ብዙዎች ነገሩን በሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ክፍል ብቻ ሲፈልጉት፣ በአንቀጽ 54 ያለችው አንዲት ሐረግ ከዐይናቸው ታመልጣለች።

የክርክሩ ወገኖች

ያለው ሥርዓት ይጽና የሚሉ ወገኖች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። ቀላልና ለሁሉ የሚገባ ነው፤ የጸና መንግሥት ያወጣል፤ ገበሬውም እንደራሴዬ ይህ ሰው ነው ብሎ የሚጠራው ሰው ይኖረዋል። የመጨረሻው ምክንያት በተለይ በገጠር ክብደት አለው። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ሲበላሽ፣ ክረምቱ ገብሱን ሲመታው፣ የማን ደጅ እንደሚጠና መታወቅ አለበት፤ ለአማራ ክልል ሁሉ በአንድ ዝርዝር የተመረጡ 138 ሰዎች ቢኖሩ የለጋምቦው ሰው ከእነርሱ የትኛውን ይይዛል? ሕገ መንግሥቱም ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ የማንሣት መብት ሰጥቶታል። በፓርቲ ዝርዝር ሥርዓት የተመረጠን አንድ እንደራሴ የሚያነሣው የትኛው ሕዝብ እንደሆነ ግን የተመጣጣኝ ውክልና ደጋፊዎች እስካሁን በቅጡ አልመለሱም።

የጸና መንግሥት የሚለው ምክንያት ግን እንደ ፊተኛው አይጸናም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2024 የሠራተኛ ፓርቲ ከመቶ 34 በማይሞላ ድምፅ ከ650 ወንበሮች 411ዱን ይዟል፤ ይህ ጽናት የተገኘው ከሕዝቡ አብላጫ ሳይሆን ከቀመሩ ነው። እንደ እኛ ባለ አገር ደግሞ ከምክር ቤቱ የተገፋ ሰው ወደ ቤቱ አይገባም፤ በ1997 የተካረረው ነገር በአደባባይና በእስር ቤት መጨረሱን ሁላችን እናውቃለን።

ስለ ተከፋፈሉ ማኅበረሰቦች የሚጽፉ ሊቃውንት ራሳቸው በሁለት ይከፈላሉ። አረንድ ላይፕሃርት በተመጣጣኝ ውክልና ሁሉ ገብቶ ሥልጣን ይጋራ ሲል፣ ዶናልድ ሆሮዊትዝ ደግሞ ይህ እያንዳንዱን ወገን በየዝርዝሩ ያጸናዋልና፣ ዕጩው የሌላውን ማኅበረሰብ ሁለተኛ ምርጫ እንዲሻ የሚያስገድደው ዕጩዎችን በተራ የማሰለፍ ዘዴ ይሻላል ይላል። የሆሮዊትዝ ምክር እንዲሠራ በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ የተለያዩ ወገኖች ተቀላቅለው መኖር አለባቸው። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ገጠር ግን ወረዳው በቋንቋ አንድ ዐይነት ነው፤ በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ሰብ የሚኖር ቢሆንም የፓርቲዎቹ መለያ ሃይማኖት አይደለም። ስለዚህ ምክሩ ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋና ከጥቂት ከተሞች ውጭ የሚቆምበት መሬት ጥቂት ነው።

ገዥው ወገን ራሱ መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. በፕሬዝዳንት ሙላቱ ተሾመ አንደበት፣ የምርጫ ሕጉ የተለያዩ ድምፆች የሚወከሉበት እንዲሆን እንደሚሻሻል ለሁለቱ ምክር ቤቶች አስታወቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ከተቃዋሚዎች ጋር በተደረገው ድርድርም የምርጫ ክልል ወንበሮቹ ሳይነኩ ተመጣጣኝ ክፍል የሚጨመርበት ቅይጥ ሥርዓት ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ በኋላ የመጣው የፖለቲካ ለውጥ ብዙ ነገር ሲለውጥ ይህን ወደ ኋላ ተወው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1162 የፓርቲዎችን ምዝገባና የምርጫውን አመራር ሲያድስ ቀመሩን አልነካም፤ ሊነካውም አይችልም ነበር።

ያልተቋጩ ነጥቦች

አዋጁ ሊነካው የማይችለው ቀመሩ በሕገ መንግሥቱ ስለ ተጻፈ ነው። በአንቀጽ 105 መሠረት ለማሻሻል የሁለቱ ፌዴራላዊ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የሁለት ሦስተኛው የክልል ምክር ቤቶች ይሁንታ ያስፈልጋል። ይህን የማድረግ ኃይል ያለው በአሁኑ ቀመር ያሸነፈ ፓርቲ ብቻ ነው፤ ለማድረግ የሚጓጓው ደግሞ በዚያው ቀመር የተሸነፈው ነው። ኒው ዚላንድ ይህን እንቅፋት ያለፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ1978ና በ1981 በድምፅ ያነሰው ፓርቲ በወንበር በልጦ መንግሥት ከመሠረተ በኋላ፣ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1993 ለሕዝበ ውሳኔ በማቅረብ ነው። ሌሶቶ ግን ያለፈችው ከእ.ኤ.አ. 1998ቱ ሁከትና ከጎረቤቶቿ ጦር መግባት በኋላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ120 ወንበሮች 40ው ማካካሻ ሆኑ። እዚያም ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ትልልቆቹ ፓርቲዎች ከትንንሽ ወዳጆቻቸው ጋር ተዋውለው በአንደኛው ስም የምርጫ ክልል ወንበር፣ በሌላው ስም ማካካሻውን ስለ ወሰዱ፣ ሕጉ ዳግመኛ መታረም አስፈለገው። ቅይጥ ሥርዓት የሚያረቅ ሰው ይህን በር አስቀድሞ ሊዘጋው ይገባል።

ከዚህ የሚከብደው የመነሻው ወለል ጉዳይ ነው። ጀርመን ወንበር ለማግኘት በአገር ደረጃ 5 ከመቶ ትጠይቃለች፤ ኔዘርላንድ ከአንድ ወንበር ዋጋ በላይ አትጠይቅም። በኢትዮጵያ 5 ከመቶ በአገር ደረጃ ቢጠየቅ፣ የጌዴኦን ፓርቲ የመሰሉ ሁሉ ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ ወለሉ በክልል ደረጃ ይሁን ቢባል ደግሞ ስሌቱ በኦሮሚያ 178 ወንበር፣ በሐረሪ 2 ወንበር ላይ ሊሠራ ነው። በሁለት ወንበር ተመጣጣኝነት የሚባል ነገር የለም፤ በስሙ ብቻ ተመጣጣኝ የሆነ የአብላጫ ሥርዓት ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት የሚሻለው የምርጫ ክልል ወንበሮቹን እንዳሉ አቆይቶ፣ ማካካሻውን በአገር ደረጃ በዝቅተኛ ወለል ማስላት ነው፤ ነገር ግን ያኔ 550 የሚለው ገደብም አብሮ መነሣት አለበት።

የመጨረሻው ነጥብ ከቀመሮች ሁሉ በፊት የሚመጣው የሕዝብ ቍጥር ነው። የምክር ቤቱ ወንበር ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ 547 ሆኖ ኖሯል፤ በዚህ መካከል ግን ከተሞች አብጠዋል፣ የቀድሞው የደቡብ ክልል ለብዙ ክልሎች ተከፍሏል፣ እጅግ ብዙ ሰውም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሦስተኛው ሕዝብና ቤት ቈጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው አራተኛው ተላልፏል። የወንበር ክፍፍሉን በአዲስ መልክ የሚሠራ ኮሚቴ፣ የትኛውንም ቀመር ቢመርጥ፣ ለእያንዳንዱ ክልል ስንት ወንበር ይገባዋል ብሎ ሲጠይቅ በእጁ የሚያገኘው የመጨረሻው ሙሉ ቈጠራ የ1999ኙ ነው።